በሞተር የሚሠራ የብየዳ ማሽን ኃይሉ ሲዋዥቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መብራት በሌለበት ሳይት ቤንዚን ወይም ናፍታ እየጠጣ የሚበይደው ማሽን ሲያስቸግር ስልኬ ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል እነዚህ ናቸው።

ማሽኑ አንዴ ጥሩ ይበይዳል፣ አንዴ ይደክማል። ከየት ልጀምር?

ከጆሯችሁ። አንድ ሰው ይበይድ፣ እናንተ ሞተሩ አጠገብ ቁሙ። ድምፁ ሳይለወጥ ብየዳው ብቻ ከደከመ ችግሩ ሞተሩ ላይ አይደለም። ገመድ፣ ኤርዝ (ከሚበየደው ብረት ወደ ማሽኑ የሚመለሰው ገመድ)፣ ካርቦን ብሩሽ (ለሚዞረው ክፍል ኩረንቲ የሚያቀብለው) ወይም ዳዮድ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ነው። አርኩ፣ ማለትም በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚበራው እሳት፣ ሲነሳ ሞተሩ አቃስቶ ወርዶ ከቀረ ጉልበት አጥሮታል። ማንም ሳይበይድ ብቻውን ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ነዳጁን ወይም ገቨርነሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀውን ክፍል) ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ፈተና አምፖል ነው። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ማሽኑ ላይ ባለው የ220 ሶኬት ሰኩና ሳትበይዱ ብርሃኑን እዩ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ መዋዠቁን ይደብቃል። ብዙዎቹ ማሽኖች የብየዳውንም የሶኬቱንም ኃይል የሚያወጡት ከአንድ ሮተር (ማግኔት ሆኖ ከሚዞረው ክፍል) ነው። አምፖሉ ከሞተሩ ድምፅ ጋር አብሮ ከደመቀና ከደበዘዘ ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ አምፖሉ ከተርገበገበ ለሮተሩ ማግኔት የሚሰጠውን ክፍል፣ ማለትም ብሩሹን ወይም ኤቪአሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ቦርድ) እዩ። አምፖሉ ረግቶ ብየዳው ብቻ ከዋዠቀ ከብየዳው መስመር አትውጡ። ይህን ሳያይ ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ቀኑን በከንቱ ያቃጥላል።

ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ አርኩም ይቆራረጣል። ማሽኑ ነው ወይስ እኔ?

ብዙ ጊዜ ኤሌክትሮዱ ነው። 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ከሆነ ከ60 እስከ 90 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። 3.2 ከሆነ ከ90 እስከ 130። በ3.2 ኤሌክትሮድ 70 ላይ አድርጎ «ማሽኑ ደከመ» የሚል በያጅ ብዙ ነው። ዓይነቱ 7018 ከሆነ ደግሞ እርጥበት ዋና ጠላቱ ነው። ካርቶኑ ተቀዶ ውጪ ያደረ 7018 ይተፋል፣ ይንጣጣል፣ አርኩም አይረጋም። ከአዲስ ካርቶን ደረቅ ኤሌክትሮድ አውጥታችሁ ሞክሩ። ልዩነት ካመጣ ማሽኑን ተዉት።

ማሽኑ ላይ ያለው የቁልፍ ቁጥር ግምት እንጂ ልኬት እንዳልሆነ እወቁ። ትክክለኛውን አምፔር ለማወቅ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያስፈልጋል። ርካሹ ክላምፕ ሜትር ኤሲ ብቻ ነው የሚለካው። ዲሲ ገመድ ላይ ብታስገቡት ዜሮ ወይም የማይረባ ቁጥር ያሳይና ያደናግራችኋል።

የገመድ ርዝመትና ውፍረት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። እናስላው። ገመዱ 25 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ነው እንበል። ሥራው 30 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ኤርዙ ጭምር ሲቆጠር ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ይሆናል። 120 አምፔር ሲያልፍበት 5 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህ አምፔር አርኩ ራሱ የሚፈልገው 25 ቮልት ያህል ነው። ገመዱን 50 ካሬ ብታደርጉት የሚባክነው በግማሽ ይቀንሳል። ትልቅ ማሽን ይህን ይችለዋል። ጫፉ ላይ የደረሰ ትንሽ ማሽን ግን ያቃስታል።

ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ አለ። ውጪው ቀይ ነው፣ ክብደቱም ቀለል ይላል። አንዱን ክር በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ ያው እሱ ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚያስተላልፍ «35 ካሬ» ብላችሁ የገዛችሁት ከ25ቱ መዳብ እንኳ ያንሳል።

ኤርዙ ጠብቋል፣ ግን አርኩ ይጠፋል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አንድ ጊዜ ባለ ናፍታ ማሽን ከሩቅ ሳይት በአይሱዙ ተጭኖ መጣልኝ። ይዘውት የመጡት ልጆች ዳዮዱን ቀይረዋል፣ ኤቪአሩን ቀይረዋል፣ ካርቡሬተሩን እንዳይፈቱ ናፍታ ሆነባቸው። የኤርዙ ገመድ ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ፕላስተሩን ስገልጠው ክሮቹ አረንጓዴ ዱቄት ሆነዋል። ጤነኞቹን ቆጠርኳቸው፣ አንድ እጅ ጣት አይሞሉም። 150 አምፔር በእነዚያ እንዲያልፍ ነበር የተፈረደበት። ገመዱ ሲወጠር አርኩ ይነሳል፣ ሲላላ ይጠፋል። ጫፉን ቆርጠን አዲስ ተርሚናል አሰርን። ሁለት ቀን መንገድ ላይ የቆየው ማሽን በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ስለዚህ ፕላስተር የተጠቀለለበትን ቦታ ሁሉ ፍቱ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል በይዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳብሱ። በጥንቃቄ ቅረቡ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ከሌሎቹ የበለጠ የጋለው እሱ ነው ሌባው። ኤርዙንም ቀለም ወይም ዝገት ላይ አትቆንጥጡ። በግራይንደር ጠረግ አድርጋችሁ ብረቱ ሲያበራ ነው መቆንጠጥ።

ሞተሩ ማንም ሳይበይድ ከፍ ዝቅ ይላል። ገቨርነሩ ተበላሽቶ ነው?

ገቨርነሩ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። የቤንዚን ሞተር እንዲህ ሲያደርግ ነዳጅ እያጠረው ነው። ሲያጥረው ይወርዳል፣ ገቨርነሩ ይከፍትለታል፣ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ መልሶ ይዘጋበታል። ቀላል ፈተና አለው፦ ቾኩን ግማሽ ድረስ ዝጉት። ሞተሩ ከተረጋጋ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ወይ የካርቡሬተሩ ትንሹ ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ተደፍኗል ወይ በጋስኬቱ በኩል አየር ይስባል። ጄቱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በቀዳዳው እዩ። ክብ ብርሃን ካልታያችሁ ተደፍኗል። በመርፌ አትውጉት፣ ቀዳዳው ከሰፋ ጣጣው ሌላ ነው። አንዲት ቀጭን የመዳብ ክርና የአየር ግፊት ይበቃሉ።

ሃያ ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ከዚያ የሚዋዥቅ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርጉ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተመለሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይቺ ነገር ስንቱን ካርቡሬተር በከንቱ አስፈታች! ናፍታ ከሆነ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ውኃ ካለ አፍስሱ፣ ከዚያ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጡ። የገቨርነሩን ስፕሪንግ የምትነኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ድሬዳዋ ላይ አንበሳ የነበረ ማሽን አዲስ አበባ ላይ ለምን ደከመ?

አየሩ ስለሳሳ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። መንገዱን ስትወጡ ብቻ ከአሥር አንድ በላይ ጉልበት ጥላችሁ መጣችሁ። ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ካነጻጸራችሁት ደግሞ ሸገር ላይ ሩቡ ያህል የለም። የተጻፈው ቁጥር ባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው።

ቤንዚን ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል። ካንዴላውን ስትፈቱ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነ፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ከተፋ፣ ዋናውን ጄት በትንሽ ቁጥር መቀየር ይረዳል። የጠፋውን ጉልበት በሙሉ ግን አይመልስም። ማሽኑ ወደ ቆላ ሲመለስ የድሮውን ጄት መልሱ። በትንሹ ጄት አፋር ላይ ብትሠሩ ነዳጅ እያነሰው ይግልና ሞተሩን ይበላል።

ታኮሜትር የለኝም። የሞተሩን ፍጥነት እንዴት ላውቅ?

ኸርዝ የሚለካ ቴስተር ካላችሁ አላችሁ ማለት ነው። ከሶኬቱ ላይ ኸርዙን አንብቡ። ትንንሾቹ የቤንዚን ማሽኖች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ፖል (የማግኔት ጫፍ) ናቸው፣ 50 ኸርዝ ማለት በደቂቃ 3000 ዙር ነው። ትልልቆቹ ቀስ ብለው የሚዞሩት ናፍታዎች ባለ አራት ፖል ሲሆኑ 50 ኸርዝ 1500 ዙር ነው። ሳይበይድ 52 አካባቢ ቆሞ፣ ጭነት ሲመጣበት 50 አካባቢ ወርዶ ቢረጋ ጤነኛ ነው። ወደ 46 ወርዶ ከቀረ ሞተሩ አልቻለም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ሳህን 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ሒሳቡን በዚያ አድርጉ።

ኢንቨርተር የሆነ ማሽን ላይ፣ ማለትም የሚወጣውን ኃይል በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በሚያስተካክለው ላይ፣ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ ኸርዙን የሚወስነው ቦርዱ እንጂ ሞተሩ ስላልሆነ፣ ሞተሩ እያነከሰም 50 ያሳያችኋል።

ጓደኛዬ ግራይንደር ሲያስነሳ የእኔ አርክ ይደክማል። ብልሽት ነው?

ሒሳብ ነው። ሞተሩ 13 የፈረስ ጉልበት ነው እንበል፤ ይህ ማለት 9.7 ኪሎዋት ነው። አዲስ አበባ ላይ 7 ገደማ ይቀረዋል። ጄኔሬተሩ በሙቀት የሚበላው ሲቀነስ ወደ 5 ብትገምቱት ጥሩ ነው። በ120 አምፔርና በ25 ቮልት ስትበይዱ 3 ኪሎዋት ወሰዳችሁ። ትልቁ ግራይንደር ከ2 በላይ ይጎትታል። ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም ይበልጣል። ወይ ተራ በተራ ሥሩ ወይ ትንሿን ግራይንደር ተጠቀሙ።

ማሽኑ በማይበየድበት ጊዜ ራሱ ፍጥነት የሚቀንስ ዓይነት ነው። ስጀምር አርኩ አይያዝልኝም፤ ለምን?

ኤሌክትሮዱ ሲነካ ሞተሩ ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ አንድ ሁለት ሴኮንድ ይወስዳል። ይህ ተፈጥሮው ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ማብሪያውን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት በሚሄድበት ቦታ አድርጋችሁ በይዱ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ፍጥነት የሚቀንሰው ክፍል ላይ ነው፤ ወይ የሚስበው ሶሌኖይድ (በኩረንቲ የሚሠራ ማግኔት) ወይ አምፔሩን የሚያየው ሴንሰር። ቀጭን ላሜራ በዝቅተኛ አምፔር ስትበይዱ ሴንሰሩ ሳያያችሁ ቀርቶ መሐል ላይ ፍጥነት ሊቀንስባችሁም ይችላል። ለላሜራ እኔ በፍጹም አልተወውም፣ ሙሉ ላይ ነው የማደርገው። ነዳጅ ይበላል እንጂ ሥራ አያበላሽም።

ጠዋት ጥሩ ነው፣ እየሞቀ ሲሄድ ይደክማል። ለምን?

መዳብ ሲሞቅ ይከለክላል። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲወጣ ተቃውሞው በ30 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሮተሩ ውስጥ የሚገባው ኩረንቲ ያንሳል፣ ማግኔቱ ይደክማል፣ አርኩም አብሮ ይደክማል። ጥሩ ኤቪአር ያለው ማሽን ይህን ያካክሳል፣ የሌለው አይችልም። ስለዚህ ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። በጣም ከወረደ ግን የአየር መግቢያው በአቧራና በግራይንደር ብናኝ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። አጥፍታችሁ በአየር አስነፉት።

ሳህኑ ላይ የተጻፈውን የሥራና የዕረፍት መጠንም አንብቡ። 60 በመቶ የሚል ከሆነ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱን ሠርቶ አራቱን ያርፋል ማለት ነው። ሲያርፍም ሞተሩን አታጥፉት፣ ፋኑ ያቀዝቅዘው። ዝናብ መጣ ብላችሁ ማሽኑን ኮንቴይነር ውስጥ አስገብታችሁ ማስነሳት ግን ክልክል ነው። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ ሰው ይገድላል።

ካርቦን ብሩሹን እንዴት ልፈትሽ?

ሞተሩን አጥፍታችሁ አውጡት። አጥሮ ከሆነ ወይም ስፕሪንጉ ካልገፋው ቀይሩት። ቤቱ ውስጥ በነፃነት መውጣትና መግባት አለበት። በአቧራ ተይዞ ሲቀር ብልጭታ ይፈጥራል፣ አርኩም ይዘላል። የሚነካው ቀለበት ቡናማ ሆኖ ለስላሳ ከሆነ አትንኩት። ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሳልሱና ብናኙን አስነፉ። ጥቁሩን የብረት መሞረጃ ሸራ አትጠቀሙ፣ ብናኙ ኩረንቲ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከመኪና ሞተሪኖ የወጣ ብሩሽ ሞርዶ ማስገባት ያዋጣ ይመስላል። አያዋጣም። የሞተሪኖ ብሩሽ መዳብ የበዛበት ነው፣ ቀለበቱን ይበላዋል። ቀለበት ከብሩሽ በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ዳዮድ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

አንዱ ዳዮድ ከተከፈተ፣ ማለትም ኩረንቲ ማስተላለፍ ካቆመ፣ ማሽኑ ይበይዳል፣ ግን ሙሉ ኃይሉን አያወጣም። አርኩም ይንተባተባል። አንዱ ሾርት ካደረገ ደግሞ ሳትበይዱ ሞተሩ ከብዶት ይጮኻል፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ያኔ ወዲያው አጥፉ።

ለመፈተሽ ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ቴስተሩን የዳዮድ ምልክት ላይ አድርጉ። በአንድ በኩል ከ0.4 እስከ 0.7 ካነበበ፣ ስትገለብጡት ምንም ካላነበበ ጤነኛ ነው። በሁለቱም በኩል ካነበበ ሾርት ነው። በሁለቱም ዝም ካለ ተከፍቷል። ሳትነቅሉ ብትለኩ በሌላው መንገድ ዞሮ ያታልላችኋል። አዲሱን ስታስሩ ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ጥረጉና የሙቀት ቅባት ቀቡበት። ያለዚያ በሳምንቱ ትመለሳላችሁ።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ ኃይል ግን ጭራሽ የለም።

መጀመሪያ ብሩሾቹን አውጥታችሁ ቀለበቱን ጥረጉ፣ ብዙ ጊዜ ዝገት ነው። ያ ካልሆነ ሮተሩ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ማግኔት ጠፍቶ ይሆናል። ብሩሽ ያለው ማሽን ከሆነ ከኤቪአሩ ወደ ብሩሾቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች ነቅላችሁ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ጠብቃችሁ፣ ሞተሩ እየዞረ ከመኪና ባትሪ 12 ቮልት አንድ ሁለት ሴኮንድ ንኩለት። ወዲያው አንሱ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ሽቦዎቹን መልሱ። ኤቪአሩ ሳይነቀል ባትሪ መንካት አዲስ ኤቪአር መግዛት ነው። ብሩሽ የሌለው ማሽን አሠራሩ ይለያል፣ በዚህ መንገድ አትሞክሩት።

ሰፊ ሳህን ላይ ጥሩ ነው። ጠርዝ ወይም ቧንቧ ውስጥ ስደርስ አርኩ ይሸሻል።

ማሽኑ ጤነኛ ነው። ዲሲ ኩረንቲ በብረቱ ሲያልፍ ማግኔት ይፈጥራል። ጠርዝና ጥግ ላይ ማግኔቱ ይጠራቀምና አርኩን ወደ ጎን ይገፋዋል። አርኩ እንደ ሻማ ነበልባል ወደ አንድ በኩል ሲያዘነብል በመነጽሩ ውስጥ ታዩታላችሁ። ኤርዙን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዙሩ። አርኩን አሳጥሩ፣ አምፔሩን ትንሽ ቀንሱ። ማሽኑ ኤሲ ካለውና ኤሌክትሮዱ የሚፈቅድ ከሆነ ወደዚያ ለውጡ።

ቧንቧው ራሱ ማግኔት ይዞ የሚመጣበት ጊዜም አለ፣ በተለይ በማግኔት ክሬን ከተነሳ። ቀጭን የማሰሪያ ሽቦ በክር አንጠልጥላችሁ ወደ ጠርዙ አስጠጉ። ሄዶ ከተለጠፈ የምትታገሉት ከማሽኑ ጋር አይደለም።

ሁሉንም ለካሁ፣ ሁሉም ደህና ነው። ግን አሁንም ይዋዥቃል።

ምናልባት የለካችሁት ሳይበይድ ነው። ላልቶ የተቃጠለ መገጣጠሚያ ባዶውን ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፣ የሚጋለጠው 100 አምፔር ሲያልፍበት ነው። አንድ ሰው እየበየደ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ከማሽኑ ተርሚናል፣ ሌላውን ከኤርዝ መቆንጠጫው ጋር አገናኙ። ከዚያ ወደ ኤሌክትሮድ መያዣው በኩል እንዲሁ። ቀስ በቀስ እየተጠጋችሁ በየመገጣጠሚያው ላይ ለኩ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ላይ የሚታየው ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ነው። አንድ ሙሉ ቮልት የሚታይበት ወይም አርኩ በጠፋ ቁጥር የሚዘል ቦታ ካገኛችሁ ደርሳችሁበታል። ጓንት አድርጉ፣ አርኩ ሲቆም እዚያ ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት አለ።

ከዚያም ካለፈ የአምፔር ቁልፉን እዩ። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ የሚሠራ ማሽን የውስጡ ሬዮስታት (ቁልፉ ሲዞር ተቃውሞውን የሚቀይረው ክፍል) እዚያች ቦታ ላይ ይበላል። ሞተሩን አጥፉ፣ ሽቦውን ነቅላችሁ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና ቁልፉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቁጥሩ እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ዳገት መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ወይም ጠፍቶ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ በያጁ ሁሌም የሚጠቀምባት ያቺው ቁጥር ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።